በግራ ጉንጬ የተሳፈረው ትርፍ

ኅዳር 9

ደሴ ያለችው ዶክተር «ሲያምህም ሲያድግም ጻፈው» ብላኛለች። ይኸው እየጻፍኩ ነው። አላመመኝም። አላደገም። ጨረስኩ።

ደብተሩ ግን አላለቀም። እህቴ ፈርሂያ አስራ አንደኛ ክፍል ናት፤ የባዮሎጂ ደብተሯ ላይ ሁለት ገጽ ጽፋ «ጽሕፈቴ አላማረም» ብላ ጣለችው። እኔ ከስምንተኛ ክፍል የወጣሁት እሷ የጣለችውን አነሳሁ። በኛ ቤት ትምህርት የሚዳረሰው እንዲህ ነው። የተረፈውን ገጽ ሰው ለመስደብ እጠቀምበታለሁ።

ኅዳር 10

እብጠቱ ከግራ ጆሮዬ ሥር ነው። አምና ሽምብራ ያክል ነበር፣ ዘንድሮ የቆቅ እንቁላል። ሲነኩት ይንሸራተታል። ሰው ስም ሳያወጣልኝ ቀድሜ «ትርፍ» አልኩት። ከመካነ ሰላም ደሴ የሚሠራው የጀላል ሚኒባስ ወያላ ነኝ፤ ከወንበር በላይ የጫንነውን ሰው ትርፍ ነው የምንለው። ትራፊክ ሲመጣ ትርፍ ያጎነብሳል። የኔው አያጎነብስም። ሂሳብም አይከፍል።

ተሳፋሪ ሲጠይቀኝ ለሁሉም የየራሱን እሰጠዋለሁ። ለአንዱ «ንብ ናት» አልኩት። ለአንዲት እናት «የመንጋጋ ጥርስ ነው፣ መንገድ ስቶ በጆሮ ሊወጣ ነው» አልኳት። «ሱብሃነላህ» ብላ የልጇን ጆሮ ገልብጣ አየች። እስከ አቀስታ ድረስ ስታይ ነበር።

ዶክተሯ በመርፌ ቀድታ አስመርምራው ነበር። «ክፉ ነገር አይደለም» አለች። «ግን ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ መውጣት አለበት። የፊትህ ነርቭ በመሃሉ ነው የሚያልፈው። እሱ ከተቆረጠ ግማሽ ፊትህ ይሞታል። ይሄን ብቻ የሚሠራ ሰው ፈልግ፤ እኔ አልነካውም።» ያን ሁሉ ዓመት ተምራ የደረሰችበት «አልነካውም» ነው። ያንንማ እኔም ሳልማር እለዋለሁ።

ኅዳር 14

የሐኪም እጥረት አለ የሚል ሰው መካነ ሰላምን አያውቃትም። እዚህ ሐኪም ያልሆነ ሰው አንድ እኔ ብቻ ነኝ።

የመድኃኒት ቤቱ መለሰ «በሲሪንጅ እመጥጥልሃለሁ፣ ይተነፍሳል» አለኝ። ጎማ መሰለው። ጎረቤታችን አልታየች ደግሞ ማሻ በኩል በፈረስ ጭራ አስራ የምትጥል ሴት አለች አለችኝ። «ኪንታሮት አይደለም፣ ከቆዳ ሥር ነው፤ ማሰሪያ አንገት የለውም» ብላት «ታዲያ ከነቆዳህ ታስረዋለቻ» አለች። የጎሚስታው ልጅ ስልኩን አውጥቶ ቀይ ሽንኩርት የሚቀባ ሰው አሳየኝ። ቁሌት ሊያደርገኝ ነው።

ሁሉም ከመናገራቸው በፊት በጣታቸው ይጫኑታል። በሰለ አልበሰለ እንደሚሉት አቮካዶ።

አላመመኝም።

ኅዳር 21

ገበያ ቀን። ደሴን ትተን ቅርብ ቅርቡን ሁለት ጊዜ ተመላለስን። ለመጻፍ ጊዜ የለም። ሰው ሲጨናነቅ መጮህ ጀመረ፣ የጋሹን ፊት አወጣሁላቸው፣ ሳቁ፣ መጨናነቁን ረሱት። ከብት።

ኅዳር 22

ስለ ጋሹ። ይህን ደብተር አንድ ቀን ጅብ ቢያነበው ግራ እንዳይገባው ልጻፍለት።

ጋሹ መናኸሪያው በር ላይ ገመድ ይሸጣል። ግማሽ ፊቱ የሞተ ነው። አንድ ዓይኑ አይከደንም፣ አፉ ወደ አንድ ወገን ተጎትቶ ቀርቷል፣ ሻይ ሲጠጣ ጥጉን በመሐረብ ይይዘዋል። እኔ እሱን ሳወጣ፣ ዓይኔን አፍጥጬ አፌን ጎትቼ «ገመድ አለ፣ የአህያ፣ የበሬ፣ የአማት» ስል፣ ሬሳ ይስቃል። ጀላል «አንተ ልጅ ቴፕ ታስንቃለህ» ይለኛል። ጀላል የተበላሸውን ቴፕ ላለማስጠገን ነው የሚያሞግሰኝ።

ጋሹ በመስኮት አይቶኝ ያውቃል። አይናገርም። ምን ሊል ኖሯል።

ኅዳር 29

እማ የእህቷን ልጅ አስታወሰች። ዶክተር ሃሩን፣ ደሴ፣ የራሱ ክሊኒክ ያለው። እግሩ የተሰበረ የኛ የቦረና ወረዳ ሰው ሁሉ እሱ ጋ ነው የሚሄድ።

«እማ፣ እሱ የአጥንት ነው» አልኳት።

«ፊትህስ አጥንት የለውም?» አለች።

ደወለችለት። ስልኩን ሁላችንም እንድንሰማ ከፍ አደረገችው። «አክስቴ አብሽሪ፣ የአስር ደቂቃ ሥራ ናት። ጾሙ ሳይገባ ላኪልኝ» አለ። ድምፁ ወፈር ያለ፣ ራሱን የሚያዳምጥ ነው። እማ ስልኩን ዘግታ አለቀሰች፤ ደስ ብሏት ነው። እኔ ሻይ ልጠጣ ወጣሁ። አስር ደቂቃ ውስጥ ጀላል ጎማ እንኳ አይቀይርም።

ታኅሣሥ 6

ዛሬ ቤታችን ዱዓ ተደረገ። ሸህ አሕመዲን፣ አጎቶቼ፣ ጎረቤት፣ ክርስቲያኑም እስላሙም። ጫቱ ተበተነ። ሰው ሁሉ ስለ ፊቴ ተናገረ፤ እኔ በር ጋ ውኃ አቀብላለሁ። አንዱ አጎቴ «አዲስ አበባ ይሂድ የሚል ሰምቻለሁ» ሲል ሌላው «ዘመድ እያለው? ሃሩን ምን ይላል?» አለው። አለቀ። ከዚያ በኋላ ጉዳዩ የኔ ፊት መሆኑ ቀርቶ የሃሩን ፊት ሆነ።

ሸህ አሕመዲን «የባዳ ቢላ ከሚነካው የዘመድ ቢላ ይንካው» አሉ። አሚን ተባለ። ፋቲሃ ተቀራ። ፋቲሃ የተቀራበት ነገር አይታጠፍም፤ ማጠፍ ማለት እዚያ የተቀመጠውን ሽማግሌ ሁሉ አፉን በጥፊ መምታት ነው። እማ ለሃሩን ሙክት አስባለታለች። ሙክቱም የተጠየቀ አልመሰለኝም።

ከበሩ ጀርባ ሆኜ የሸህ አሕመዲንን አሚን አወጣሁት፤ ፈርሂያ ሻርፗን ነክሳ ሳቀች። ሲያልቅ ጠሩኝና እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ እሱን ወደፊት አወጣዋለሁ። አሚን አልኩ። ምን አባቴ ልበል።

ታኅሣሥ 15

ፈርሂያ መናኸሪያ መጥታ የጋሹን ፊት ሳወጣ በስልኳ ቀረጸችኝ። ማታ አሳየችኝ። እሷ ትንከተከታለች። ጎን ለጎን ይታያል፤ የተጎተተው አፍ፣ ከአፉ ቀጥሎ ትርፍ።

አላሳቀኝም። ስልኳ ጥራት የለውም። አጥፊው አልኳት።

ታኅሣሥ 20

አደገ። ትንሽ። ምናልባት ብርዱ ነው።

ታኅሣሥ 24

መንገድ ተዘጋ። መኪና አይወጣም አይገባም። ለሃሩን የተያዘው ቀን አለፈ። እማ ተክዛለች። እኔ መዘጋቱ ደስ ብሎኝ አይደለም የተኛሁት፤ ሥራ ስለሌለ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ተኛሁ።

ጀላል መጥቶ «ፈርተሃል» አለኝ። ጀላል የጉጉፍቱን ቁልቁለት ሲወርድ ቁርአን የሚቀራ ሰው ነው። እሱ ስለ ፍርሃት ይናገራል።

ጥር 5

ከጋሹ ጋር አወራሁ። አስቤበት አይደለም። መናኸሪያው ባዶ ነው፣ የሚወራ ሰው ጠፍቶ ነው።

«አያ ጋሹ፣ እንዴት አደሩ?» አልኩት።

ገመድ እየገመደ ነበር። እጁ ቆመ። «አንቱ አልከኝ» አለ። «ሰው ሞተብህ?»

«ኧረ የለም።»

«ገንዘብ ነው?»

«አይደለም።»

ያኔ ከጆሮዬ ሥር አየ። ጣቱን አልሰደደም። እስካሁን ያልተጫነው ሰው እሱ ብቻ ነው።

«እሱ ነው» አለ። «የኔም እዚያው ነበር። ይችን የምታህል።» የአውራ ጣቱን ጫፍ አሳየኝ።

«ማን ነው የሠራዎት?»

«የእህቴ ባል ወንድም። የጤና ሰው ነው። የአስር ደቂቃ ሥራ ናት አለኝ።»

ሁሉም የሚያወሩት ከአንድ ሰው ተምረው ነው መሰለኝ።

«ክፉ ሰው ነው?» አልኩት።

«ምን በወጣው። ጥሩ ሰው ነው። እስከ ዛሬ በዓል በመጣ ቁጥር ይጠይቀኛል፤ ፊቴን ግን አያይም፣ መሬት መሬቱን ነው የሚያይ። ክፉ ቢሆን እምቢ እለው ነበር። ጥሩ ሰው እምቢ አይባልም።»

«ሲተኙስ? ዓይንዎ?»

«ሚስቴ በሻሽ ታስርልኛለች። የሚከፋው አቧራ ነው። ሚኒባስ ሲነሳ።»

መሐረቡን አውጥቶ ያን ዓይኑን ጠረገ። ሄድኩ ልል ስል ጠራኝ።

«ስማ እንጂ። ፊቴን ስታወጣ አያለሁ።»

«ጨዋታ ነው፣ አያ ጋሹ።»

«ጨዋታነቱማ ገብቶኛል። ግን ተሳስተሃል። የኔ የሞተው ቀኙ ነው። አንተ የምትገድለው ግራህን ነው።»

ወደ ገመዱ ተመለሰ።

ስንት ጊዜ ሙሉ በግራ አውጥቼዋለሁ፣ አንድ ተሳፋሪ እንኳ አላረመኝም። ይህ ሕዝብ ሲስቅ ምን እንደሚያይ አላውቅም። ቤት ገብቼ መስታወት ፊት ግራዬን ገደልኩ። ብዙ ቆየሁበት። መስታወቱ ቆሽሿል። ፈርሂያ መስታወት አትጠርግም።

ጥር 6

ቀኝን ሞከርኩ። አይሆንልኝም። ግራዬ ለምዶታል።

ጥር 14

መንገድ ተከፈተ። የጥምቀት እንግዳ ሲመለስ ሰው በሰው ላይ ጫንን። «የጋሹን አውጣልን እንጂ» አሉኝ። ጉሮሮዬን አሞኛል አልኳቸው። ፊት በጉሮሮ የሚወጣ ይመስል አመኑኝ።

ጥር 19

እማ አዲስ ቀን አስያዘች። ሙክቱም ተገዝቷል፤ ግቢ ውስጥ ሆኖ ያየኛል። ሁለታችንም ለሃሩን ነው የምንሄድ።

ጋሹን ዛሬ «ደሴ ወርደው ያውቃሉ? በነጻ ላሳፍርዎት» አልኩት።

«ምን አለኝ ደሴ?»

«አየር ይቀይራሉ።»

ብዙ አየኝ። «ገመዱን ማን ይሸጥልኛል?» አለ።

«ፈርሂያ።»

«እሷማ ገዢውን በሳቅ ታባርርብኛለች» አለ። ይመጣል።

ጥር 21

ደሴ። ክሊኒኩ አጠገብ ያለች ሻይ ቤት ሆኜ ነው የምጽፈው።

ጠዋት እማ ጋሹን ጋቢና ውስጥ ስታየው ወደ ጎን ሳበችኝ። «ዛሬ ይህን ሰውዬ ይዘህ ልትሄድ ነው? ገድ የለውምኮ።» ሙክቱን የሚይዝልኝ ሰው አልኳት። እሷ መኪና ያማታል፣ በር ላይ ቀረች። ፋቲሃዋን እየቀራች ቀረች። ሙክቱ ጣሪያ ላይ ታስሮ በየመንደሩ ጮኸ። የታሰረበት ገመድ የጋሹ ነው፣ አልተፈታም።

ሃሩን ጫማው ያብለጨልጫል። ጠረጴዛው ላይ የፕላስቲክ ጉልበት አስቀምጧል። አቅፎ ሳመኝ፣ ከዚያ እንደ ሁሉም ሰው ተጫነው። «ይችማ የአስር ደቂቃ ሥራ ናት» አለ።

«እንዲህ ያለ ስንት ሠርተሃል?» አልኩት።

ሳቀ። «አንተ ልጅ ሳትሆን ትራፊክ ነህ። አብሽር፣ የኛ ቤት ልጅ አይደለህ?»

ስንት አላለም። በሩ ጋ የቆመውን ጋሹን አየና «እኚህስ ታካሚ ናቸው?» አለ።

«አይ፣ እኔ አልቄያለሁ» አለ ጋሹ።

ሃሩን ተነስቶ ሄዶ ፊቱን ያዘ፣ ወደ መስኮቱ አዞረው። «ይጨፍኑ» አለው። ጋሹ ጨፈነ፤ ግራው ተከደነ፣ ቀኙ ነጩን ገልብጦ ክፍት ቀረ። ሃሩን ከጆሮው ሥር ያለችውን ጠባሳ ሲያይ ቆየ።

«ማን ነው የሠራዎት?»

«ዘመድ ነው። ጥሩ ሰው ነው። እምቢ ማለት ከበደኝ።»

ሃሩን በሩን ዘጋው። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የፕላስቲኩን ጉልበት ያጥፈዋል፣ ይዘረጋዋል። ያ ሁሉ ድምፅ የት እንደገባ እንጃ።

«እኔ የምሠራው አጥንት ነው» አለ በመጨረሻ። «አክስቴን እምቢ ማለት ከበደኝ። አሳድጋኛለች። ፋቲሃ ተቀርቶበታል ስትለኝ ምን ልበላት?»

ሁለት ትልልቅ ሰዎች። አንዱ ዶክተር ነው። እምቢ የምትለዋን ቃል ሁለቱም አያውቋትም። እኔ ቀን ሙሉ ሰው እምቢ ስል ነው የምውል፤ ሞልቷል፣ ቦታ የለም፣ ውረድ።

«ፋቲሃው ለልጁ ፊት ነው የተቀራ» አለ ጋሹ። «ለቢላው አይደለም።»

ክርስቲያን ሸህ አገኘን አልኩ። ሃሩን ሳቀ፣ አሁን እንደ ሰው። ስልኩን አንስቶ አዲስ አበባ አብራው የተማረች ሐኪም ጋ ደወለ፤ የጆሮ ሥርና የአንገት እጢ ብቻ ነው የምትሠራው አለ። ከዚያ እማ ጋ ደወለ። እሱን ወደ ጓዳ ገብቶ ነው ያወራው። ሲወጣ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ሙክቱን እምቢ አለ። ይኸው፣ ሲለምደው ቻለው።

ሙክቱ ተመልሶ ጣሪያ ላይ ወጣ። ሲወጣ ከጠዋቱ የበለጠ ጮኸ።

ጥር 22

እማ አላናገረችኝም። ሸህ አሕመዲን መጡ፣ ሰሙ፣ ጢማቸውን ዳበሱ፣ «ጋሹ እንዲህ አለ?» አሉ። ቀጥለውም «ልክ ነው» አሉ። እማ ማታ እራት አቀረበችልኝ። ሳህኑን አስቀምጣ ትርፍን በእጇ ጀርባ ነካ አደረገችው፣ አልተጫነችውም። ወጡ ጨው በዝቶበታል።

የካቲት 3

አዲስ አበባ። ጋሹም አለ፤ ሴት ልጁ እዚህ ስለምትኖር እግረ መንገዴን ነው ይላል። እግረ መንገዱ አንድ ሌሊት አድሮ የሚያደርስ መንገድ ነው። ያረፍነው እሷ ቤት ነው። ልጅቱ ከመካነ ሰላም መምጣቷን አፏ ረስቶታል፤ «ውይ፣ ጉንጭህ» ትላለች።

ሐኪሟ አጭር ናት፣ አትስቅም። ትርፍን ነካችው፣ ግን ከመንካቷ በፊት «ልንካው?» አለች። እንደዚያ ያለኝ የለም።

«እንዲህ ያለ ስንት ሠርተዋል?»

«በየሳምንቱ አለኝ።»

«የተበላሸብዎትስ?»

ተናደደች ብዬ ነበር። «አለ» አለች። «አንዲት ሴት። ከንፈሯ አልተመለሰም። አሁንም እየመጣች አያታለሁ።»

ጋሹን ዞር ብዬ አየሁት። ገመድ የለውም፣ የነጠላውን ጫፍ ይገምዳል።

እስከ ዛሬ ካየሁት ሐኪም ሁሉ የተበላሸበትን የነገረኝ የለም። መለሰ ሲሪንጁ አይሳሳትም። የፈረስ ጭራዋ ሴት በአልታየች ወሬ አንድም አልሳተች። የሃሩን ጉልበት ፕላስቲክ ነው። ለዚህችኛዋ አንድ ስድብ ፈለግኩ። ካፖርቷ እጅጌው ላይ ቀለም ፈሶበታል፤ እሱን ጻፍኩ።

«እሺ፣ እርስዎ ይሁኑ» አልኳት።

«አስብበት» አለች።

«አስቤ ነው።»

«ሥራህ ምንድን ነው?»

ወያላ ልላት ነበር። ጋሹ ቀደመኝ። «ፊት ነው» አላት።

የካቲት 6

ነገ።

አላመመኝም። አልፈራሁም። ጋሹ ሳሎን ተኝቷል፤ ልጁ በሻሽ አሰረችለት። አሳሰሯ ከእናቷ የተማረችው ነው መሰል፣ ፈጣን ነው። አንዴ ሄጄ አየሁት። ዝም ብዬ ነው።

የካቲት 8

በሕይወት አለሁ። ጭንቅላቴ ተጠቅልሏል፣ ፈርሂያ ብታየኝ ሸህ አሕመዲንን መሰልክ ትለኝ ነበር። መጻፍ ይደክመኛል።

የካቲት 9

ጠዋት ሐኪሟ ተማሪዎቿን አስከትላ መጣች። ጋሹ ጥግ ወንበር ላይ ነበር።

«ቅንድብህን አንሳ» አለች። አነሳሁ።

«ሁለቱንም ዓይኖችህን ጥብቅ አድርገህ ጨፍን።» ጨፈንኩ። «ሁለቱም ተዘግተዋል» አለች ለተማሪዎቹ። ሁለቱም ነው ያለችው። ደግሜ ጨፈንኩ፣ ማንም ሳያዘኝ።

«ጉንጭህን ንፋ። ጥርስህን አሳይ።» እኔ ሰው ሲያየኝ ፊት አወጣለሁ፣ ይስቃል፣ ይረሳል። አሁን ስድስት ሰው ፊቴ ላይ ተደፍቶ አንድ ሰው አልሳቀም፤ የሚጽፍ አለ።

«በግራ በኩል ታችኛው ከንፈርህ ይዘገያል» አለች። «ነርቩ አልተቆረጠም፣ ደክሞት ነው። ይመለሳል። ካልተመለሰም እነግርሃለሁ።»

ወጡ። ጋሹን ዞሬ አየሁት። ቅንድቡን አነሳ፣ ግማሹ ተነሳ። ጨፈነ፣ አንዱ ተከደነ። ጥርሱን አሳየ፣ ጥርሱ ወደ አንድ ወገን ብቻ ወጣ።

«ምን እያደረጉ ነው?» አልኩት።

«አንተን እያወጣሁህ።»

አልተዋጣለትም። ችሎታ የለውም፣ ቸኩሏል፣ እኔን ጨርሶ አይመስልም።

«ተሳስተዋል» አልኩት። «የኔ የሚዘገየው ግራው ነው። እርስዎ የገደሉት ቀኝዎን ነው።»

ቀኝ ጉንጩን በጣቱ ነካ። ከዚያ ሳቀ፤ ባለው ግማሽ ሳቀ፣ ከማይከደነው ዓይኑ እንባ እየወረደ። እኔም ሳቅኩ፣ ስፌቱን ረስቼ።

አመመኝ። ጻፈው ተብያለሁ፣ ይኸው ጻፍኩት።